ሦስት ወረቀት፣ አንድ ቤት፦ ሟች ከአንድ በላይ የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ ትቶ ሲገኝ

ለማብራሪያው እንዲመች አንድ ቤተሰብ እናስብ። በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል፣ ከቅድስተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ግቢ ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት በ2016 ዓ.ም. ያርፋሉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። አርባቸው ወጥቶ ዘመድ አዝማድ ሲበተን ልጆቹ የእናታቸውን ዕቃ ማየት ይጀምራሉ። ከቁም ሣጥኑ መሳቢያ፣ ከጡረታ ደብተሩ ሥር፣ ከባለመስመር ደብተር የተገነጠሉ ሁለት ቅጠሎች ይወጣሉ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በእናትየው እጅ የተጻፉ፣ በሁለቱም ቅጠሎች ላይ ቀንና ፊርማ ያለባቸው፣ ራስጌያቸው ላይ «ኑዛዜ» የሚሉ ናቸው፤ ቤቱን ለትልቋ ልጅ ይሰጣሉ። ሳምንት ሳይሞላ የንስሐ አባታቸው «እኔም ዘንድ የተቀመጠ አደራ አለ» ብለው ሌላ ወረቀት ያመጣሉ፤ ይህኛው በ2010 ዓ.ም. በጎረቤት መምህር እጅ የተጻፈ፣ የእናትየው ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያረፈበት ሲሆን፣ ቤቱን ለወንዱ ልጅ ያደርገዋል። በመጨረሻ ደግሞ ከውዳሴ ማርያማቸው ገጾች መካከል አራት ቦታ የታጠፉ ሁለት ቅጠሎች ይገኛሉ። ጽሕፈቱ የራሳቸው ነው፤ «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ብሎ ይጀምርና ቤቱን ውጭ አገር ለምትኖረው ታናሽ ልጅ ያወርሳል። ፊርማና ቀን ያለው ግን በሁለተኛው ቅጠል ግርጌ ብቻ ነው። ቀኑም «11/4/2014» ይላል እንጂ ዓመተ ምሕረት ይሁን የአውሮፓ አቆጣጠር አይናገርም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ለቅሶ የደረሰው ሁሉ አንድ መልስ ይዞ ይመጣል፦ «የመጨረሻው ነው የሚጸናው»። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ልደታ ፍርድ ቤት የሚያመላልሰው ግን የቀረው ግማሽ ነው። ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ወረቀት እንደሚቀድምና የትኛው እንደሚከተል ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ሲታይ ኑዛዜ ተብሎ ሊቆም ይችላል ወይ የሚለውን ነው። የባንክ ገንዘብ ከፋይ ከአንድ ሒሳብ ላይ የተጻፉ ሦስት ቼኮች ቢቀርቡለት የትኛው በኋላ እንደተጻፈ ከማመዛዘኑ በፊት ፊርማቸው የተሟላ መሆኑን፣ ጊዜያቸውም ያላለፈ መሆኑን ያያል፤ ዳኛም ኑዛዜ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጉዳዩን የሚገዛው የትኛው ሕግ ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ውርስን የሚመለከተው ክፍል ከቁጥር 826 ይጀምራል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻንና የባልና ሚስት ንብረትን የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን ቢተካም፣ የኑዛዜው ክፍል ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም እየተሠራበት ነው። ከዚህ በተጨማሪ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ጠበቆች ከሕጉ መጽሐፍ ጎን የሰበር ውሳኔዎችን ቅጽ ይዘው ይቀርባሉ።

ኑዛዜ ስንት ዓይነት ነው?

ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው «በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ» ይባላል። ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም ሌላ ሰው በቃሉ እየተናገረ ሊያስጽፈው ይችላል፤ ነገር ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና የተነበበበት ቀን በጽሑፉ ውስጥ መጠቀስ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም እዚያው ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት ምልክት ማድረግ አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል።

ሁለተኛው «በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ» ሲሆን የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው የመጨረሻ ቃል ማለት ነው። የቃል ኑዛዜ በሕዝቡ ዘንድ ያለው ክብርና በሕጉ ዘንድ ያለው ጉልበት እጅግ የተራራቀ ነው። ሕጉ የሚፈቅድለት የቀብር ሥርዓትን፣ የአካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን አሳዳሪነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችን ብቻ ነው። ተናዛዡ ተሽሎት ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ቃሉ ፈራሽ ይሆናል። ስለዚህ «አልጋ ላይ ሆነው ቤቱ ለእኔ ነው ብለዋል» የሚል ክርክር፣ አሥር ምስክር ቢቆጠርለት እንኳ፣ ቤት አያስገኝም።

የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ ምን ማሟላት አለበት?

ምስክር አያስፈልገውም። አንድ ሰው ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ ሊጽፈው ይችላል፤ ለማንም ሳይናገር መሳቢያ ውስጥ ሊያኖረው ይችላል። ሕጉ ይህን ነጻነት የሰጠው ግን በምትኩ በጽሑፉ ላይ ጥብቅ በመሆን ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ መሆን አለበት። ኑዛዜ መሆኑን ራሱ በግልጽ መናገር አለበት፤ «ቤቱን ለልጄ ብሰጥ ደስ ይለኛል» የሚል ደብዳቤ ምኞት እንጂ ኑዛዜ አይደለም። ቀንና ፊርማም በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ያስፈልጋል። በጽሕፈት መሣሪያ ከተጻፈ ደግሞ ተናዛዡ ይህንኑ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ በእጁ ጽፎ ማመልከት አለበት፤ ኮምፒዩተር ቤት አስተይቦ ግርጌው ላይ ብቻ መፈረም ከንቱ ድካም ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊደሎቹን ከሌላ ወረቀት እንደ ሥዕል ቢገለብጥም ኑዛዜ አይሆንለትም።

ቅጠል በቅጠል መፈረም ለምን ያስፈልጋል የሚለው መልስ ከባድ አይደለም። የአንድ ደብተር ሁለት ቅጠል የሚያያይዘው ስቴፕለር ወይም ክር ነው፤ ክሩ ተፈትቶ የመጀመሪያው ቅጠል በሌላ ቢተካ፣ የመጨረሻው ቅጠል ፊርማ ተናዛዡ አይቶት ለማያውቀው ቅጠል ዋስ ሆኖ ይቀመጣል። ምስክር የሌለው ኑዛዜ ምስክሩ ወረቀቱ ራሱ ብቻ ነው።

በምሳሌያችን ላይ ይህን እንመዝን። በንስሐ አባት እጅ የነበረው የ2010 ዓ.ም. ወረቀት በጎረቤት እጅ የተጻፈ ስለሆነ የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ አይደለም፤ በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ እንዳይባል ደግሞ ምስክሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ከእነርሱም አንዳቸውም ዳኛ ወይም ሬጅስትራር አይደሉም። የንስሐ አባት ቃል በሽምግልና ላይ ያለው ክብደት ሁለቱን የጎደሉ ምስክሮች አይተካም። ከውዳሴ ማርያሙ የወጣው ሦስተኛው ወረቀት ደግሞ የመጀመሪያ ቅጠሉ ቀንም ፊርማም የለውም፤ የሚያሳዝነው፣ ቤቱን የሚያወርሰው ዐረፍተ ነገር ያለው በዚያው ቅጠል ላይ መሆኑ ነው።

የሰባት ዓመቱ ገደብ ምንድን ነው?

ይህ፣ በጸሐፊው ግምት፣ በዚህ ሕግ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያልታወቀውና ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው ድንጋጌ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 903 መሠረት በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ ከተጻፈ በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። ሌላው ፎርም ሁሉ ቢሟላ፣ ጽሕፈቱ የሟች መሆኑን ሁሉም ወራሾች ቢያምኑ እንኳ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የኖረ ወረቀት ጊዜው አልፎበታል።

በምሳሌያችን ያለው የ2005 ዓ.ም. ኑዛዜ ከሦስቱ በፎርም ምንም የማይወጣለት እርሱ ነበር። ይሁን እንጂ ከቁም ሣጥኑ አልወጣምና በሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ እናትየው ከማረፋቸው ከዓመታት በፊት፣ ማንም ሳያውቅ ፈርሷል።

የሦስተኛው ወረቀት ቀን እንቆቅልሽ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። «11/4/2014» በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተነበበ ታኅሣሥ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ከሦስቱ የመጨረሻው ይሆናል፣ የሰባት ዓመቱም ጊዜ ገና አልሞላም። እናትየው ግን ውጭ ላለችው ልጃቸው ደብዳቤ ሲጽፉ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፍ ለምደው ከሆነ፣ ያው ቁጥር ኤፕሪል 11 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ሚያዝያ 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ይሆናል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ከሁለተኛው ይቀድማል፤ ሰባት ዓመቱም ሳይቀመጥ አልፎበታል። በሁለት አቆጣጠር በሚኖር ከተማ ውስጥ «ዓ.ም.» የምትለው ምልክት የቤት ዋጋ ያላት ትሆናለች።

ሁለት የሚጸኑ ኑዛዜዎች ቢገኙ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽረዋል?

አሁን «የመጨረሻው ይጸናል» ወደሚለው አባባል ደረስን። ሁለቱም ወረቀቶች ፈተናውን ካለፉ፣ የኋለኛው የፊተኛውን የሚሽረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፦ ተናዛዡ የሚጸና ኑዛዜ በሚደረግበት ፎርም «ከዚህ በፊት ያደረግሁትን ኑዛዜ ሽሬአለሁ» ብሎ ሲጽፍ ነው። ሁለተኛው የኋለኛው ቃል ከፊተኛው ጋር አብሮ ሊፈጸም የማይችል ሲሆን ነው፤ አንድ ቤት በመጀመሪያው ለአንዱ፣ በሁለተኛው ለሌላው ከተሰጠ ሁለቱን መፈጸም አይቻልምና የኋለኛው ያሸንፋል።

ነገር ግን የሚሻረው የተጋጨው ክፍል ነው። የመጀመሪያው ኑዛዜ ቤቱን ለትልቋ፣ መኪናውን ለወንዱ፣ የወርቅ ሀብሉን ለታናሿ ሰጥቶ፣ ሁለተኛው ስለ ቤቱ ብቻ ቢናገር፣ መኪናውና ሀብሉ በመጀመሪያው ኑዛዜ መሠረት ይሄዳሉ። ስለዚህ የአንድ ሰው ሁለት ኑዛዜዎች ጎን ለጎን በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ቤተሰቡ «አሮጌ ነው» ብሎ የጣለው ወረቀት ግማሹ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ጠበቆች አሮጌውን ወረቀት አትቅደዱ የሚሉት ለዚሁ ነው።

መሻር በወረቀት ብቻ አይደለም። ተናዛዡ ራሱ አስቦ ኑዛዜውን ቢቀድ፣ ቢያቃጥል ወይም ቢሰርዝ ሽሮታል። በኑዛዜ የሰጠውን ነገር በፈቃዱ ለሌላ ሰው ቢሸጥም ስጦታው ተሽሯል፤ ንብረቱን በኋላ መልሶ ቢገዛው እንኳ ስጦታው አብሮ አይመለስም። ለባል ወይም ለሚስት የተሰጠ የኑዛዜ ስጦታም ጋብቻው በፍቺ ሲፈርስ ይፈርሳል። በአንጻሩ «ኑዛዜዬን አልለውጥም» ብሎ ለልጅ የሚገባ ውል ዋጋ የለውም፤ ተናዛዥ እስኪሞት ድረስ ሐሳቡን የመለወጥ መብቱን ሊሸጥ አይችልም።

ሌላ አገርስ እንዴት ይታያል?

በዚህ ርእስ በዓለም በሰፊው የተወራው ጉዳይ የዘፋኟ የአሬታ ፍራንክሊን ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 በ76 ዓመቷ ዲትሮይት ውስጥ ስታርፍ ኑዛዜ የላትም ተብሎ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ግን ከቤቷ የእጅ ጽሑፎች ተገኙ፤ የ2010ሩ ከተቆለፈ ካቢኔ፣ የ2014ቱ ደግሞ ከሶፋ ትራስ ሥር ካለ ደብተር ወጣ። ወንዶች ልጆቿ ተከፋፈሉ፤ አንዱ ወገን የ2010ሩ በየገጹ የተፈረመበት ስለሆነ ይጽና፣ የ2014ቱ ረቂቅ ነው ሲል፣ ሌላው ወገን የኋለኛው ፈቃዷ የ2014ቱ ነው አለ። በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ከተራ ዜጎች የተውጣጣ የሚቺጋን የፍርድ ጉባኤ (ጁሪ) አንድ ሰዓት ባልሞላ ምክክር ለ2014ቱ ፈረደ።

የሚቺጋን ሕግ ለእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ የሚጠይቀው ቀን፣ ፊርማና ዋና ዋናው ክፍል በሟች እጅ መጻፉን ነው፤ ከዚያም በላይ ሟች ወረቀቱን ኑዛዜ ይሁን ብላ እንደጻፈችው በጠንካራ ማስረጃ ከተረጋገጠ የፎርም ጉድለትን ሊያልፈው ይችላል። የእኛ ሕግ በአንጻሩ ከሐሳቡ በፊት ፎርሙን ያያል። ያ ጉዳይ በእኛ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ ክርክሩ በሌላ በር በገባ ነበር፦ ከተጻፈ በኋላ በቤት ካቢኔ ውስጥ ብቻ የኖረ የ2010 እ.ኤ.አ. ወረቀት ሰባት ዓመቱ በ2017 ስለሚሞላ፣ በየገጹ ቢፈረምም ከሟች በፊት በሞተ ነበር። የ2014ቱ ግን አራት ዓመት ብቻ ስለሆነው የሚመዘነው በየቅጠሉ ባለው ቀንና ፊርማ ነበር።

ጽሕፈቱ የእናታችን አይደለም ቢባልስ?

በኑዛዜው መብት አለኝ የሚለው ወገን ኑዛዜው መኖሩንና ይዘቱን ማስረዳት አለበት። ጽሕፈቱ ወይም ፊርማው ሲካድ ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ለምርመራ ወደ ፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ ክፍል ይልካል። መርማሪው ለማነጻጸር ሟች በሕይወት ሳሉ የጻፏቸውና የፈረሙባቸው ሰነዶች ያስፈልጉታል፤ የባንክ ፊርማ ናሙና፣ የእድር መዝገብ፣ የዕቁብ ደብተር፣ ለልጅ የተላከ አሮጌ ደብዳቤ ሁሉ ይፈለጋል። በተቻለ መጠን ከኑዛዜው ጊዜ ጋር የሚቀራረብ ቢሆን ይመረጣል፤ የሰባ ዓመት ሰው እጅ በአርባ ዓመቱ እንደነበረው አይጽፍም።

ዋናው ወረቀት መቅረቡ ግድ ነው። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ወይም ፎቶ ኮፒ አይበቃም፤ ሕጉ የሚቀበለው ዋናውን ወይም ኑዛዜውን የተረከበው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ትክክለኛነቱን ያረጋገጠውን ግልባጭ ነው። አንዱ ወራሽ ዋናውን ካጠፋው የተጎዳው ሰው ካሣ ሊጠይቀው ይችላል፤ ከዚያም በላይ የሟችን የመጨረሻ ኑዛዜ አስቦ ያጠፋ፣ የሰወረ ወይም የለወጠ ሰው ለመውረስ የማይገባ ተብሎ ከውርሱ ሊወጣ ይችላል። አንድ ወረቀት በኪሱ ደብቆ ሌሎቹን ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ወንድም የሚጫወተው በራሱ ድርሻ ላይ ነው።

ክርክሩ የት ይጀምራል?

ወራሽ መሆንን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ጥያቄ በአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች ይቀርባል፤ ኑዛዜው ይጽና ይፍረስ የሚለው ሙግት ግን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነው። ኑዛዜን የመቃወሚያው ጊዜ ኑዛዜው ከተከፈተና ከተነበበ በኋላ የሚቆጠር አጭር ጊዜ ስለሆነ «ሐዘኑ ይውጣልንና» ብሎ መዘግየት አደገኛ ነው።

በምሳሌያችን ሦስቱም ወረቀቶች ቢወድቁ ቤቱ የማን ይሆናል?

ኑዛዜ እንደሌለ ይቆጠርና ሦስቱ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ሌላም በብዛት የሚስተው ነገር አለ፦ በኑዛዜ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ልጅ ከውርስ ተነቀለ ማለት አይደለም። ልጅን ከውርስ ለመንቀል ተናዛዡ በግልጽ መናገርና ምክንያቱንም መጻፍ አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእናትየው ነበር ወይ የሚለው ነው። ቤቱን ከባለቤታቸው ጋር በትዳር ውስጥ ካፈሩት ግማሹ የባልየው ነበር። ባልየው ኑዛዜ ሳይተዉ ከሞቱ ደግሞ የእርሳቸው ግማሽ በሞታቸው ቀን ለሦስቱ ልጆቻቸው ተላልፏል፤ ሚስት ባልዋን በሕግ አትወርስምና። እናትየው በሦስቱም ወረቀቶች ላይ «ቤቴን» ብለው ሲጽፉ ሊያወርሱ የሚችሉት ግማሹን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛው ወረቀት ሁሉን ነገር አሟልቶ ጸንቶ ቢሆን እንኳ ታናሿ የምታገኘው ከስድስት እጅ አራቱን ሲሆን፣ ትልቋና ወንዱ ከአባታቸው በወረሱት አንድ አንድ ስድስተኛ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለድርሻ ሆነው ይቀሩ ነበር። የአባትየው ውርስ ሳይጣራ ዓመታት ካለፉት ደግሞ የይርጋ፣ ማለትም መብትን ለመጠየቅ ሕጉ የወሰነው ጊዜ አልፏል ወይ የሚል፣ ጥያቄ ይከተላል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ መዝገብ ነው።